ባለ .50 አክሽን ኤክስፕረስ ጥይት፦ ጠርዙ የ44፣ ገላው የ50። ለምን ይነክሳል?

ዝናር44 (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባለ .44 ማግነም ዴዘርት ኢግል ማርክ 19 ሽጉጥን ወደ .50 አክሽን ኤክስፕረስ ለማዞር ባሬልና ካዝና መለወጥ ብቻ ይበቃል፣ ቦልቱ (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) አይነካም ይባላል። እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ የከነከነኝ ምክንያቱ ነው። ከሁለት ሚሊሜትር በላይ የሚወፍር ቀለህ በዚያው ቦልት እንዴት ይያዛል? ደግሞስ በ44 ሲተኮስ የማይነክስ ሽጉጥ ባለ 50 ባሬል ሲገባለት ለምን መንከስ፣ ማለትም ጥይት ወይም ቀለህ መሰንቀር፣ ይጀምራል? በእጅ የተሞላ (ተኳሹ ራሱ ባሩድና አረር የገጠመበት) ጥይት ላይ መለኮሻው፣ ማለትም ፕራይመሩ፣ ስስ ምት ብቻ አርፎበት የሚከሽፈውስ ከምን የተነሳ ነው?

የምታውቁ በልክና በምክንያት ብታስረዱ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የባሩድ መጠን አልጠየቅሁም፤ እሱ ከባሩድ አምራቹ ሰንጠረዥ ብቻ የሚወሰድ ነገር ነው።

ማይክሮሜትር

የሦስቱም ጥያቄ መልስ ከአንድ ቦታ ይነሳል፤ ከጠርዙ፣ ማለትም ከቀለሁ ታች ዙሪያውን ካለው ቀለበት። ሁለቱን ጥይቶች ጎን ለጎን አቁመህ ለካቸው።

የቀለሁ ርዝመት በሁለቱም 32.6 ሚሊሜትር ነው። ከነአረሩ ሲለካም ሁለቱም ከ40.9 ሚሊሜትር አይበልጡም። የጠርዙ ስፋት 13.1 ሚሊሜትር፣ በኢንች 0.514፤ እሱም አንድ ነው። የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት እንኳ እኩል ነው፤ 36,000 ፒ.ኤስ.አይ፣ ወይም 248 ሜጋፓስካል። ልዩነቱ ገላቸው ላይ ነው። የ44ቱ ገላ ከጠርዙ ከፍ ብሎ 11.6 ሚሊሜትር ሲሆን የ50ው 13.9 ይሞላል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጥይቱን እ.ኤ.አ. በ1988 የነደፈው የአክሽን አርምሱ ኢቫን ዊልዲን የ44ን ጠርዝ፣ የቀለህ ርዝመትና ሙሉ ርዝመት እንዳለ ወስዶ ገላውን ብቻ አወፈረ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም በ.41 አክሽን ኤክስፕረስ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እዚያ የተዋሰው የ9 ሚሊሜትር ፓራቤለምን ጠርዝ ነበር። ቦልቱ ፊቱ ላይ የሚቀበለው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ ከጠርዙ ወዲያ ያለው ቢወፍርም ቢቀጥንም ለእሱ ለውጥ የለውም። ሙሉ ርዝመቱ አንድ በመሆኑ ደግሞ የመያዣው ጎድጓዳ፣ የስላይዱ (ሲተኮስ ወደኋላና ወደፊት የሚሄደው የሽጉጡ የላይ ክፍል) ጉዞና የቦልቱ ወደኋላ መመለሻ እንዳሉ ይቀራሉ። ባለ .357 ማግነም የሆነውን ሽጉጥ ወደ 50 ለማዞር ግን ቦልትም ይጨመራል፤ የ357 ጠርዝ 11.2 ሚሊሜትር ነውና የዚያ ቦልት ፊት ይህን ጥይት አይቀበልም።

ብልህ መላ ነው፤ ግን ዋጋ አለው። 44 ላይ ጠርዙ ከገላው ወደ ውጭ 0.75 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። 50 ላይ ግን ጠርዙ ከገላው ወደ ውስጥ በየጎኑ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ይገባል። የምታዩት ችግር ሁሉ ከዚህች 0.4 ሚሊሜትር ይወለዳል ብል አላጋነንኩም።

ቀለህ_ለቃሚ

ማይክሮሜትር የጀመረውን ልቀጥል፤ ስለ መንከስ።

ቦልቱ ወደፊት ሲመለስ ካዝናው አፍ ላይ የተኛውን ጥይት ከጠርዙ ላይ ገፍቶ ወደ ጥይት ቤቱ፣ ማለትም ጥይቱ ሲተኮስ ወደሚቀመጥበት የባሬሉ የኋላ ክፍል፣ ያስገባዋል። 44 ላይ ጠርዙ ወጣ ያለ ስለሆነ የቦልቱ የታች ከንፈር በደንብ ያገኘዋል። 50 ላይ ጠርዙ ከገላው ጥላ ስር ተሸሽጓል። ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ትንሽ እንኳ ዝቅ ካለ ቦልቱ ጠርዙን ስቶ በላዩ ያልፍና ገላው መሀል ላይ ያርፋል። ያኔ ጥይቱ አፍንጫውን ሰቅሎ ይሰነቀራል፤ ቀለሁን አውጥተህ ብታየው ጎኑ ላይ በመስመር የተጫነ ጠባሳ ታገኛለህ። ያ ጠባሳ መንስኤውን ይናገራል፤ ቦልቱ ጠርዙን አላገኘም ማለት ነው።

ለምን ዝቅ ይላል? አንደኛው የደከመ የካዝና ሞላ ነው። የ50 ካዝና 7 ጥይት ይይዛል፣ የ44ቱ 8። ቁጥሩ ቢያንስም እያንዳንዱ የ50 ጥይት ከባድ ስለሆነ ሞላው በስላይዱ ፍጥነት ልክ ክብደቱን አንስቶ ማድረስ አለበት። ሲነክስ የነበረው የመጀመሪያው ጥይት ነው ወይስ የመጨረሻው? ይህን ልብ በሉ። ካዝናው ሙሉ ሳለ ከነከሰ ከላይ ያሉት ጥይቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ነው፤ ሊያልቅ ሲል ከነከሰ ግን ሞላው ደክሟል።

ሁለተኛው የአያያዝ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። የዚህ ሽጉጥ ካዝና በመቆለፊያው ላይ ልል ብሎ ነው የሚቀመጥ፤ በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል። የደጋፊ እጅህን መዳፍ ከካዝናው ታች አድርገህ እንደ ሳህን ብትደግፈው ካዝናው ከቦታው ይገፋና ጥይቱ የሚቀርብበት ቁመት ይዛባል። እጅህ መያዣውን ከጎንና ከፊት ይክበብ እንጂ የካዝናውን ታች አይንካ።

ሦስተኛው የላላ የእጅ አንጓ ነው። ስላይዱ ወደኋላ የሚሮጠው መያዣው ከቆመለት ነው። ክንዱ አብሮ ከሸሸ ስላይዱ ጉዞውን ሳይጨርስ ይመለስና የወጣውን ቀለህ በሩ ላይ ይነክሰዋል፣ ወይም አዲሱን ጥይት ሳይደርስበት ይዘጋል።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሜትሪክ ስሙ 12.7 በ33 ነው ተብሏል። ዲሽቃም 12.7 ነው። አረሩ አንድ ነው ማለት ነው?

ማይክሮሜትር

አይደለም ወንድሜ፤ ስሙ ብቻ ነው የሚገናኘው። ዲሽቃ የሚተኩሰው 12.7 በ108 ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር ነው። 33 እና 108ን አስተያይ። የዲሽቃው አረር 48 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ጉልበቱም ከ15,000 ጁል ይበልጣል። የሽጉጡ የተለመደ አረር 300 ግሬን፣ ማለትም 19.4 ግራም ነው፤ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ሲወጣ ጉልበቱ 1,960 ጁል አካባቢ ይሆናል። ስፋታቸውም አንድ አይደለም። የዲሽቃው አረር በእርግጥ ሲለካ ወደ 13 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የዚህ ጥይት አረር ግን እቅጩን 0.500 ኢንች፣ 12.7 ሚሊሜትር ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት የታሪክ ቁራጭ አለ። መጀመሪያ ሲነደፍ አረሩ 0.510 ኢንች ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ ግን ለስፖርት የታወቀ ካልሆነ በቀር የባሬሉ ውስጠኛ ስፋት ከግማሽ ኢንች የሚበልጥን መሣሪያ ከአውዳሚ መሣሪያዎች ተርታ ይመድበዋል። ስለዚህ አረሩ ወደ 0.500 ጠበበ። የቀለሁ ታች ግን የድሮ ስፋቱን ይዞ ቀረ። ቀለሁ ዛሬ ፍጹም ቀጥ ያለ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ከታች 13.9፣ አፉ ላይ 13.7 ሚሊሜትር ነው። በዓይን አይታይም፣ በማይክሮሜትር ግን ይታያል።

ይህ መጥበብ ሳይታሰብ አንድ ጥቅም ሰጥቷል። ወደ ላይ የሚጠብ ቀለህ ገና ትንሽ ወደኋላ እንደተሳበ ከጥይት ቤቱ ግድግዳ ይላቀቃል። ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው ጎታች የሚይዘው ጠርዝ ትንሽ ለሆነ ጥይት ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

ብረት_ፈታች

ስለ አቀያየሩ ልጻፍ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥንቃቄው ግን ከሥራው ይበልጣል።

ካዝናውን አውጣ። ስላይዱን ሳብና የጥይት ቤቱን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ስላይዱን ወደፊት መልስ። በግራ በኩል ያለውን የባሬል መፍቻ ቁልፍ ተጭነህ በቀኝ በኩል ያለውን ማዞሪያ አዙር፤ ባሬሉ ተላቆ ከላይ ይነሳል። ባለ 50ውን ባሬል ስታስቀምጥ ስላይዱ ፊት ላይ ያለው ፒስቶን ባሬሉ ስር ካለው የጋዝ ሲሊንደር ጋር ቀጥ ብሎ መግጠሙን እይ፤ በጉልበት አትግፋው። ማዞሪያውን መልሰህ ቁልፉ "ቀጭ" ብሎ ወደ ቦታው መመለሱን አረጋግጥ። የ50ውን ካዝና አስገባ። የ44 ካዝና ቢገባም አይሠራም፤ ከንፈሩ የተጠረገው ለቀጭን ገላ ነው።

ባሬሉ እጅህ ላይ እያለ ሳትገጥመው የምትሠራው አንድ ፈተና አለ፤ በእጅ የተሞላ ጥይት ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይገባል። ባሬሉን አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ ያዝ። ጥይቱን ወደ ጥይት ቤቱ ጣለው። ጤነኛ ጥይት በራሱ ክብደት ወርዶ "ጠቅ" የሚል ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሰጣል፤ ባሬሉን ስትገለብጠውም ሳይጎተት ይወድቃል። ድምፁ ደፈን ያለ ከሆነ፣ "ድፍ" ካለ፣ ቀለሁ ጥይት ቤቱ መጨረሻ ላይ ያለው እርከን ላይ አልደረሰም፤ ወይ አረሩ ቀድሞ በባሬሉ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች መነሻ ነክቷል፣ ወይ የቀለሁ አፍ ሲሞላ የተከፈተው በደንብ አልተዘጋም፣ ወይ ገላው አብጧል። ጣትህን አስደግፈህ ዙሪያውን አሽከርክረው። የሚቧጥጥ ነገር ከተሰማህ አውጥተህ የአረሩን ትከሻ እይ፤ የቦዮቹ ጭረት ካለበት አረሩ ከልክ በላይ ወጥቷል።

መዶሻ

መለኮሻው ላይ ስስ ምት ብቻ አርፎ ለሚከሽፈው ግን ነገሩን አታወሳስቡት። የመዶሻው ሞላ ደክሟል። አዲስና ጠንካራ ሞላ ያስገባና ይገላገል።

ቀለህ_ለቃሚ

መዶሻ፣ ሞላ የሚደክምበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም። ጥይቱ የት ላይ ተደግፎ እንደሚቆም እንይ።

44 ቤቱ ውስጥ የሚቆመው በጠርዙ ነው። ጠርዙ ከጥይት ቤቱ አፍ ስለሚሰፋ ከዚያ ወዲያ አይገባም። ስለዚህ አፉን አጥብቀህ ወደ ውስጥ ብትቆለምመውም ጥይቱ ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚቆመው። የ50 ጠርዝ ግን ከቤቱ አፍ ይጠባል፤ ምንም ሊያስቆመው አይችልም። እሱን የሚያስቆመው ከፊት ያለው የቀለሁ አፍ ነው፤ አፉ ጥይት ቤቱ መጨረሻ ላይ ካለች እርከን ጋር ይጋጠማል። የቀለሁ አፍ 13.7 ነው፣ አረሩ 12.7። ስለዚህ የቀለሁ ግድግዳ ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ መላው ጥይት የሚደገፈው በዚያች ግማሽ ሚሊሜትር ጠርዝ ላይ ነው።

አሁን የ44 ልማድ ያለበት ሰው ምን ያደርጋል? አፉን ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል። የተጠቀለለ አፍ ሹል ጠርዝ የለውም፣ ክብ ሆኗል። እርከኗን ሳያገኝ ተንሸራትቶ ወደፊት ይገባል። መቺው መርፌ ሲመጣ መለኮሻው ከሚጠብቀው ቦታ ወደፊት ሸሽቷል፤ የሚያርፍበት ምት ስስ ነው። ቀሪውን ጉልበት ጥይቱን ወደፊት በመግፋት ያባክነዋል። ጠንካራ ሞላ ብታስገባ በሽታውን ሸፈንከው እንጂ አላዳንከውም። ይባስ ብሎ ወደፊት የሸሸ ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ወደኋላ ተመልሶ ቦልቱን ይመታል፣ ከታችም ይለጠጣል።

የሚደረገው እንዲህ ነው። አፉ ሲሞላ የተከፈተውን ያህል ብቻ ቀጥ ብሎ ይመለስ፤ ከአፉ ጫፍ ሲለካ 13.7 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን፤ ጥፍርህን ከአረሩ ወደ ቀለሁ ስትጎትት የአፉን ጠርዝ ልትይዝ ይገባል። ጥፍሩ ሳይይዝ ካለፈ ተጠቅልሏል። የቀለሁ ርዝመትም ይለካ፤ ከ32.6 ቢበልጥ ቦልቱ ዞሮ አይቆለፍም፣ እጅግ ቢያጥር ደግሞ ያው የመሸሽ ችግር ነው።

ጥፋቱን ለመለየት መለኮሻውን አንብቡት። ምቱ መሀል ላይ ሆኖ ስስ ከሆነና ያው ጥይት ባሬል ውስጥ ሲጣል ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከገባ፣ አፉ ነው ጥፋቱ። ጥይቱ ልኩን ጠብቆ ቆሞ መለኮሻው በሁለተኛው ምት ከተነሳ፣ መለኮሻው ሲገጠም እስከ መጨረሻው አልተጫነም፤ የመጀመሪያው ምት ገፍቶ አስቀመጠው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከከሸፈ፣ ያኔ የመቺ መርፌው መንገድ ተፈቶ ይጸዳል። ሞላው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መዶሻ

ተቀበልኩ። የሁለተኛው ምት ነገር አልታየኝም ነበር። ለከሸፈ ጥይት ግን ቶሎ ስላይድ መሳብ የለም፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚነሳ መለኮሻ አለ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥይት እንዳታጎርሱ፤ አረሩ ባሬሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ባዶ አድርጋችሁ፣ ባሬሉን ፈትታችሁ ብርሃን እዩበት።

ዝናር44

አሁን ብዙው ነገር ገባኝ። እግረ መንገዴን ልጠይቅ፤ ልባስ የሌለው የእርሳስ አረር ለዚህ ሽጉጥ አይሆንም የሚባለው ለምንድን ነው? በ44 ሪቮልቨር እኮ ይተኮሳል።

ብረት_ፈታች

ሪቮልቨር የጋዝ ቀዳዳ የለውም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

ይህ ሽጉጥ እንደ አብዛኛው ሽጉጥ በእርግጫ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ባሬሉ ፍሬሙ ላይ ተቆልፎ ይቆማል። ከጥይት ቤቱ ትንሽ ወጣ ብሎ በባሬሉ ውስጥ ቀዳዳ አለ። አረሩ እሷን እንዳለፈ ጋዙ በዚያች ቀዳዳ ወርዶ፣ ከባሬሉ ስር ባለው ቦይ ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ሄዶ፣ እዚያ ያለውን ፒስቶን ወደኋላ ይገፋል። ፒስቶኑ ስላይዱን፣ ስላይዱ ደግሞ ቦልቱን ያዞርና ይከፍተዋል። የጠመንጃ አሠራር ነው፤ 248 ሜጋፓስካል የሚያመነጭን ጥይት ግፊቱ እስኪወርድ ዘግቶ መያዝ የሚችለውም ለዚህ ነው።

የእርሳስ አረር በቀዳዳዋ ላይ ሲያልፍ የቀዳዳዋ ጠርዝ ይልጠዋል። የተላጠው እርሳስ፣ የቀለጠው እርሳስና የአረሩ ቅባት አብረው ቀዳዳዋ ውስጥ ይገባሉ። መጀመሪያ ስላይዱ ይዘገያል፣ ቀለህ በቅርብ መውደቅ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቀለሁን በሩ ላይ መንከስ ይመጣል፤ በመጨረሻ ቀዳዳዋ ትደፈንና ሽጉጡ በእጅ እየተሳበ የሚተኮስ ይሆናል። ለመጥረግም አስቸጋሪ ነው፤ ቦዩ ቀጥታ ብሩሽ አይገባበትም። ስለዚህ ሙሉ ልባስ ያለው ወይም ከፊቱ ብቻ ክፍት የሆነ ልባስ ያለው አረር ይሁን። በስሱ መዳብ የተነከረው አረርም አያስተማምንም፤ ልባሱ ስስ ስለሆነ ቀዳዳዋ ላይ ሊቀደድ ይችላል።

ቀለህ በቅርብ መውደቅን እንደ ምልክት ያዙት። ሽጉጡ ሳይነክስ በፊት የሚናገረው በዚያ ነው።

ጸደይ

ከላይ ማይክሮሜትር የጻፋቸው ልኮች ውስጥ አንድ አደጋ አለ፤ ማንም ስላላነሳው ልናገር። አንድ ፍሬም ላይ ሁለት ባሬል ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ጥይት ይኖረዋል። ርዝመታቸው አንድ፣ ከኋላ ሲታዩ ጠርዛቸው አንድ ነው። ልኮቹን ደርድሩና አስቡት። የ44 ጠርዝ 13.1 ነው፤ የ50 ጥይት ቤት ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ የ44 ጥይት ባለ 50 ባሬል ውስጥ ቢጣል ጠርዙ ደጅ ላይ አይያዝም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። ገላው 11.6 ስለሆነ ራሱ የባሬሉን ቦይ ይገባል፣ ጠርዙ የሚቆመው የ50 ቀለህ አፍ የሚያርፍባት እርከን ላይ ነው። ከደጅ ስታዩት ጥይት ቤቱ ባዶ ሊመስላችሁ ይችላል። ከዚያ ካዝናው የ50 ጥይት ቢያጎርስ የአረሩ አፍንጫ የሚያገኘው የ44ቱን መለኮሻ ነው።

ስለዚህ የአንዱ ሳጥን ሳይዘጋና ሳይነሳ የሌላው አይከፈት። ካዝናዎቹ በቀለም ወይም በቴፕ ይለዩ። ባሬል ሲለወጥ ደግሞ ብርሃን ከአንድ ጫፍ አስገብቶ ከሌላው ማየት ነው፤ "ጥይት ቤቱ ባዶ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም፣ ባሬሉ ዳር እስከ ዳር ክፍት መሆኑ ይታይ።

ማይክሮሜትር

እህቴ ጸደይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ከሁሉ ቀድሞ መጻፍ የነበረበት ነው። በጣት መዳሰሱም እዚህ ላይ ሊያታልል ይችላል፤ ጣት እርከኑ ድረስ አይደርስም።

አዲስ_ገቢ

ከ.45 ኤ.ሲ.ፒ ጋር ሲነጻጸር እርግጫው ምን ያህል ይከፋል?

ማይክሮሜትር

በቁጥር እናስላው፤ የባሩዱን ጋዝ ትተን የአረሩን ብቻ።

የ.45 የታወቀው አረር 230 ግሬን፣ 14.9 ግራም ነው፤ በሴኮንድ 255 ሜትር ገደማ ይወጣል። ብዜቱ ወደ 3.8 ኪሎግራም ሜትር በሴኮንድ ይመጣል። ኤም1911 ሽጉጥ 1.1 ኪሎ ስለሚመዝን ወደኋላ የሚሄደው በሴኮንድ 3.5 ሜትር ያህል ነው። የ50ው 19.4 ግራም በ450 ሜትር ሲባዛ 8.7 ይሆናል፤ ሽጉጡ ባዶውን 2 ኪሎ ያህል ስለሆነ በሴኮንድ 4.4 ሜትር ወደኋላ ይሄዳል። የፍጥነቱ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የእርግጫውን ጉልበት ስታሰሉት ግን 6.6 ጁል በ19 ጁል ነው። ሦስት እጥፍ ገደማ። ግፊቱም እንዲሁ አይገናኝም፤ የ.45 ከፍተኛ 21,000 ፒ.ኤስ.አይ ነው።

እጅ ላይ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። የስላይዱ ክብደትና የጋዙ አሠራር እርግጫውን በጊዜ ስለሚዘረጉት ከአጭር ምት ይልቅ ረጅም ግፊት ይመስላል። አፈሙዙ በጣም ይነሳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚተኩስ ሰው ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይግባለት የሚባለው፤ ጣቱ ምላጩ ላይ እንዳለ አፈሙዙ ወደ ላይ ሲነሳ ሁለተኛ ጥይት እንዳይወጣ። ጆሮ በሁለት ይሸፈን፣ ከውስጥ መወተፊያ ከላይ መሸፈኛ። መነጽርም ግዴታ ነው፤ ይህ ሽጉጥ ቀለሁን አንዳንዴ ወደ ተኳሹ ግንባር ይወረውራል።

ቀለህ_ለቃሚ

እርግጫው ካዝናው ውስጥ ባሉት ጥይቶች ላይ የሚያደርገውም አይረሳ። ሽጉጡ ወደኋላ ሲሄድ ጥይቶቹ ባሉበት መቆየት ይፈልጋሉ፤ የካዝናው የፊት ግድግዳ መጥቶ አፍንጫቸውን ይመታል። ሪቮልቨር ላይ አረሩ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እዚህ ግን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገባል። አረሩ በገባ ቁጥር ባሩዱ ያለበት ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ በእጅ የተሞላ ጥይት ካለ ካዝናው ውስጥ ሰባት አስገባ፤ ስድስቱን ተኩስ፤ ሰባተኛውን አውጥተህ ርዝመቱን ካዝናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከነበረው ጋር አስተያይ። ካጠረ ቀለሁ አረሩን በደንብ አልጨበጠም። መፍትሔው አፉን ይበልጥ መጠቅለል አይደለም፤ ያ ወደ ቀደመው ጥፋት ይመልሳል። አረሩን የሚይዘው የቀለሁ ግድግዳ ጥብቅ አያያዝ ነው፤ ቀለሁን የሚያጠበው ቀለበትና አፉን የሚከፍተው ዘንግ ይለኩ። ዘንጉ ከአረሩ ስፋት ትንሽ መቅጠን አለበት።

አንዱን ጥይት ደጋግሞ ማጉረስና ማውጣትም ያው ነው። ወደ ጥይት ቤቱ የሚመራውን መወጣጫ በመታ ቁጥር አረሩ በጥቂቱ ይገባል።

አዲስ_ገቢ

ጠርዙ ይህን ያህል የሚያስቸግር ከሆነ ጥይቱን ለሪቮልቨር የሠራው የለም?

ማይክሮሜትር

አለ፤ ፍሪደም አርምስ በዚህ ጥይት የሚሠራ ሪቮልቨር አውጥቷል። እዚያ ጠርዙ አያስቸግርም፤ ጥይቱ በአፉ ስለሚቆም ቤቱ ውስጥ አይሸሽም፣ ቀለሁም አንድ በአንድ በዘንግ ከውስጥ ተገፍቶ ይወጣል። ስድስቱን በአንዴ በኮከብ ቅርጽ ማንሻ የሚያነሳ ሪቮልቨር ቢሆን ግን ኮከቡ የሚይዘው ጠርዝ አያገኝም።

ወደ ሌላ አቅጣጫም ሄዷል። የ50ውን ቀለህ አንገቱን አጥብበው የ44 አረር ያስቀመጡበት .440 ኮር-ቦን እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፤ .429 ዲ.ኢ ደግሞ በ2018። ሁለቱም ያችኑ የ44 ጠርዝ ይዘው ነው የሄዱት፤ ስለዚህ ካዝና ላይ የሚገጥማቸው ነገር የ50ው ዓይነት ነው።

ዝናር44

የመጨረሻ ጥያቄ። ፒስቶኑና ሲሊንደሩ ዘይት ይቀቡ?

ብረት_ፈታች

አይቀቡም። እዚያ የሚገባው ዘይት በትኩስ ጋዝ ይጋገርና ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፤ ፒስቶኑ ያኔ መያዝ ይጀምራል። ፒስቶኑን በማሟሟያ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው፣ አድርቀው፣ በደረቁ ግጠመው። ዘይት የሚገባው የስላይዱ ሐዲዶች ላይና ቦልቱ ሲዞር የሚፋተግበት ቦታ ላይ ነው፤ በየቦታው አንድ ጠብታ ይበቃል። የጥይት ቤቱም ደረቅ ይሁን። ዘይት ያለበት ቤት ቀለሁን ግድግዳው ላይ እንዳይጨብጥ ያደርገዋል፤ ሙሉ ግፊቱ ቦልቱ ላይ ያርፋል።

የጋዟን ቀዳዳ ለማየት ባሬሉን ፈትተህ ከጥይት ቤቱ በኩል ብርሃን አስገባ። ጠርዟ ክብና ጥርት ያለ ከሆነ ተዋት። የእርሳስ ወይም የመዳብ ቀጭን ቅጠል ከተንጠለጠለባት በእንጨት ዘንግ አንሳው፤ በብረት መርፌ አትጎርጉራት፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ስላይዱ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ አንዴ የሰፋች ቀዳዳም ተመልሳ አትጠብም።